ዶጀር አይዞርም፣ ይወዛወዛል

መንዝ ውስጥ ሳድግ ዓሣ የሚበላ ሰው አላየሁም። ደጋው የገብስና የበግ አገር ነው። ዓሣ ያየሁት ከገደሉ ግርጌ፣ ወንጪት ወንዝ ላይ ነው። ከአጎቴ ጋር አህያ እየነዳን ቆላ በወረድንበት በጋ፣ አህዮቹ ውኃ ጠጥተው እስኪጠግቡ ድረስ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጥልቁን ኩሬ አይ ነበር። ውኃው ከመጥራቱ የተነሣ ታች ያለው ጠጠር ይቆጠራል። ዓሦቹ ግን አይታዩም፤ ጀርባቸው ከድንጋዩ ጋር አንድ ነው። አንዱ ድንጋዩን የለበሰውን አረንጓዴ ነገር ሊግጥ ጎኑን ሲያዞር ብቻ ብልጭ ይላል። ብልጭ ባለበት ወዲያው ሌሎቹ ይሰበሰባሉ። አጎቴ አይቶ፣ “አንዱ ሲበላ ሌላው መቼ ዝም ይላል” አለኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሲያትል ውስጥ አንድ የመርሐቤቴ ሰው፣ የዓለም ከተማ ልጅ፣ ጀልባው ላይ አስቀምጦ መዳፍ የምታክል አብረቅራቂ ብረት እጄ ላይ አኖረና “ዶጀር ማለት ይቺ ናት” ሲለኝ ትዝ ያለኝ ያ ኩሬ ነው። ዶጀር ጎኑን እያገላበጠ የሚበላ ዓሣ መስሎ ከሩቅ የሚታይ ብረት ነው። ሥራው ይኸው ነው። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው የቀረው ሁሉ ይቀለዋል።

ይህን መመሪያ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ነገር አለ። ሲያትልና አካባቢው ያለነው ሐበሾች ዙሪያችን ውኃ ነው፤ ሬኒየር ቫሊ ከሚኖረው ወገናችን ቤት እስከ ሌክ ዋሽንግተን ዳርቻ በእግር ይደረሳል። ብዙ ሰው በሰው ጀልባ አንድ ቀን ይወጣል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ከዚያ ወዲያ አይሞክርም። አብሬአቸው ወጥቼ ካየኋቸው አብዛኞቹ ያጡበት ምክንያት አንድ ነው፤ ዶጀሩን በፍጥነት ይጎትቱታል።

ብረቱ ምን ይሠራል?

ዶጀር ሞላላ ስስ ብረት ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ በትንሹ ጎበጥ ብለዋል፣ በሁለቱም ጫፍ ቀለበት አለው። መንጠቆ የለውም። ከዘንግዎ የሚመጣው ዋና ክር ከፊተኛው ቀለበት ይታሰራል። ከኋለኛው ቀለበት ደግሞ ሊደር የሚባለው አጭር ክር ይነሣና መንጠቆው ላይ ያልቃል። ጀልባው ቀስ ብሎ ሲሄድ ብረቱ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል።

መወዛወዙ ሦስት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ያብረቀርቃል። ሁለተኛ፣ ውኃውን ይመታል። ዓሣ ከራሱ እስከ ጅራቱ በጎኑ በተዘረጋ መስመር የውኃን ንቅናቄ ይሰማል፤ ስለዚህ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀትም ምቱ ይደርሰዋል። ጓሳ አካባቢ ጉም ሲወርድ በጎቹ እርስ በርስ ሳይተያዩ የመሪውን ቃጭል ሰምተው እንደሚከተሉት ማለት ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ከኋላ ያለውን መንጠቆ ያንቀሳቅሳል። ትንሿ የላስቲክ ስኩዊድ፣ ሆቺ የሚሏት፣ በራሷ ሕይወት የላትም፤ ብቻዋን ቢጎትቷት ቀጥ ብላ ትከተላለች። ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዘልላት ዶጀሩ ነው።

ፍላሸር ከሚባለው ጋር አያምታቱት። ፍላሸር ረዘም ያለና ብዙውን ጊዜ የፕላስቲክ ሲሆን ሙሉ ክብ ይዞራል፤ እንዲዞርም ፈጠን ያለ ጉዞ ይፈልጋል። ዶጀር መዞር የለበትም። ሁለቱን በአንድ ጀልባ፣ በአንድ ፍጥነት መጎተት አንዱን ሥራ ማስፈታት ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ቀጥሎ ውኃው

በዋሽንግተን ስቴት 15 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱ ከኤፕሪል 1 እስከ ማርች 31 ይሠራል፤ ዲሴምበር ላይ ያልቃል ወይም ከገዙበት ቀን አንድ ዓመት ይቆያል ብለው እንዳይዘናጉ። ሳልሞን ሲይዙ የሚሞሉት የመመዝገቢያ ካርድ አለ፤ ዓሣውን ለማስቀረት እንደወሰኑ እዚያው ይሞሉታል፣ ማታ ቤት ሲገቡ አይደለም። የትኛው ውኃ መቼ እንደሚከፈትና ስንት ዓሣ እንደሚፈቀድ የስቴቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በየወቅቱ ያስታውቃል፤ በመሐልም ይለውጣል። ስለዚህ አምና የሠራው ዘንድሮ ይሠራል ብለው አይውጡ፤ ከመውጣትዎ በፊት ባለው ምሽት ማስታወቂያውን ያንብቡ።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የራሳችን ሌክ ዋሽንግተን ነው። ሶካይ የተባለው ቀይ ሥጋ ያለው ሳልሞን በባላርድ መተላለፊያ በኩል ወደዚህ ሐይቅ ይገባል፤ በደጉ ዘመን ሐይቁ በጀልባ ይሞላ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ግን ለሶካይ አጥማጅ አልተከፈተም፤ የሚመለሰው ዓሣ አንሷል። ዛሬ ሶካይ ፈላጊ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቤከር ሐይቅ ይሄዳል። ቤከር ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1959 በተጠናቀቀው የላይኛው ቤከር ግድብ የተኛ ውኃ ነው፤ ዓሦቹ ግድቡን መሻገር ስለማይችሉ ኮንክሪት በምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ ተይዘው በጭነት መኪና ወደ ሐይቁ ይወሰዳሉ። ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው ጁላይ ላይ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈውም በአመዛኙ ለቤከር ሶካይ የሚሆን ነው፤ ኮሆ፣ ኮካኒና ትራውት የተባሉትን ሌሎች ዓሦች በየቦታው አነሣለሁ።

ምን ይግዙ?

የመደብሩ ግድግዳ በዶጀር የተሞላ ነው። ሁሉንም መግዛት አያስፈልግም። በቁጥሩ እንዳይሳሳቱ ብቻ ይጠንቀቁ፤ ዜሮው ሲበዛ ብረቱ ያንሳል። 0 ለሳልሞን ነው፣ 00 መካከለኛ ነው፣ 000 ለኮካኒና ለትራውት ነው። ለሶካይ 0 ይያዙ።

ስለ ቀለም ሰዎች ሲከራከሩ ይውላሉ። እኔ ሁለት ብቻ እይዛለሁ፤ አንድ ነጭ ብርማ፣ አንድ ደግሞ በጨለማ የሚያበራ አረንጓዴ ያለበት። ፀሐይ ወጥቶ ውኃው ሲጠራ ብርማው፣ ሊነጋጋ ሲልና ጥልቅ ሲወርዱ አረንጓዴው። ውኃው የደፈረሰ እንደሆነ የነሐስ ወይም የመዳብ መልክ ያለው ከብርማው ይሻላል።

ገንዘብዎን ቆጥበው ጥሩ ነገር የሚገዙበት ቦታ ሌላ ነው፤ ማዞሪያ ቀለበቱ። ስዊቭል የሚባለው ይህ ትንሽ ዕቃ ውስጡ ኳስ ያለው ዓይነት ይሁን፤ ከዶጀሩ ፊትም ኋላም ያስፈልጋል። ርካሹ ስዊቭል አንድ ቀን ውሎ ይደርቅና ክሩ ይጠመዘዛል። የመጀመሪያው ክረምቴ ላይ የሆነብኝን ልንገርዎ። ብረቱን በርካሽ ቀለበት አስሬ በሰዓት 3 ማይል ያህል እየነዳሁ ግማሽ ቀን ጎተትኩ። ክሩን ሳወጣው እናቴ በእንዝርት የምትፈትለውን የበግ ሱፍ መስሏል፤ ባረገብኩት ቁጥር በራሱ ላይ ይጠቀለላል። ክር መጠቅለያው ሪል ላይ የነበረውን በሙሉ ቆርጬ ጣልኩ። ሦስት ቀን ወጥቼ አንድም ዓሣ አልነካኝም።

አስተሳሰሩ

እዚህ ላይ ቸኩለው አይለፉ።

1. ከሪሉ የሚመጣውን ዋና ክር በስዊቭል ከዶጀሩ ፊተኛ ጫፍ ያስሩ። የትኛው ጫፍ ፊት እንደሆነ ካልተጻፈበት፣ የዶጀሩን ሁለት ጫፎች ያስተያዩ፤ ጠበብ ያለው ወደ ጀልባው ነው።

2. ሊደሩን ለሶካይ ከ25 እስከ 30 ፓውንድ ከሚችል ክር ይቁረጡ። “ዓሣው ያን ያህል አይከብድ፣ ለምን ወፍራም?” ቢሉ፣ ወፍራም ክር ደረቅ ስለሆነ የዶጀሩን ምት ሳያለዝብ ለመንጠቆው ያደርሳል። ቀጭን ክር እንደ ጥጥ ይለዝብና ምቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

3. ሁለት ትንንሽ መንጠቆ በተከታታይ ያስሩ፣ በመሐላቸው ሁለት ጣት ያህል ርቀት ይተዉ። ከላያቸው ሮዝ የሆነች ትንሽ ሆቺ ያጥልቁ። መንጠቆው ላይ ቁራጭ ሽሪምፕ ማድረግ ይቻላል። ሶካይ በባሕር ሳለ በአብዛኛው በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን የሚበላ ዓሣ ነው፣ ትልቅ ነገር አያሳድድም። ለዚህ ነው ሌክ ዋሽንግተን በተከፈተበት ዘመን አጥማጆች ምንም ያልተደረገበት ባዶ ቀይ መንጠቆ ከዶጀር ኋላ እየጎተቱ ጀልባቸውን ይሞሉ የነበረው።

4. የሊደሩን ርዝመት ይለኩ። በዓይን አይገምቱ፤ ጀልባው ጎን ላይ በቀለም ምልክት ቢያደርጉ ጥሩ ነው። ለሶካይ ከዶጀሩ ጫፍ እስከ መንጠቆው ከ10 እስከ 18 ኢንች። ለኮካኒና ለትንሽ ትራውት ከ8 እስከ 14 ኢንች፣ ክሩም ከ10 እስከ 12 ፓውንድ። ለኮሆ በሆቺ ከ20 እስከ 28 ኢንች።

ርዝመቱ ለምን እንዲህ ይጠበቃል? ቡሄ ደርሶ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ይህን ያውቀዋል። ጅራፉ ከክንዱ በላይ ሲረዝም ይጎተታል እንጂ አይጮህም፤ ኃይሉ ጫፉ ላይ ሳይደርስ ይሞታል። ሊደርም እንደዚሁ ነው። አጭሩ ሆቺዋን ቶሎ ቶሎ ያዘልላታል፣ ረጅሙ ያዝናናታል። ዓሣው መጥቶ ሳይነክስ የሚመለስ ከሆነ፣ ማለትም የዘንጉ ጫፍ ነካ ነካ ተደርጎ የሚተው ከሆነ፣ ሊደሩን በሁለት ኢንች ያሳጥሩ ወይም ያስረዝሙ። ቀለም ከመቀየር በፊት ይህን ይሞክሩ።

ከሆቺ ይልቅ ማንኪያ የሚመስለውን ማጥመጃ የሚጠቀሙ ከሆነ ግን ሊደሩን ሦስት ጫማና ከዚያ በላይ ያድርጉት። ማንኪያው የራሱ ጭፈራ አለው፤ ዶጀሩ በቅርብ ሲመታው ይረበሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሳልሞን ሽታ ያውቃል፤ የተወለደበትን ወንዝ የሚያገኘው በአፍንጫው ነው። ቤንዚን የነካ፣ የፀሐይ ቅባት የተቀባ ወይም ጠዋት ፍርፍር የበላ እጅ ሆቺዋን ሳይነካ በሳሙና ይታጠብ። እኔ ታጥቤም በሽሪምፕ ውኃ አሸዋለሁ።

ከጀልባው ጎን ይመልከቱ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የሚያስታውሱ ከሆነ ይህን ያስታውሱ።

ሁሉም ከታሰረ በኋላ ዶጀሩን ወዲያው ወደ ጥልቁ አይስደዱት። ጀልባውን ቀስ አድርገው እየነዱ ብረቱን ከጀልባው ጎን፣ በዓይንዎ በሚያዩት ጥልቀት፣ ሦስት አራት ጫማ ክር ለቀው ውኃ ውስጥ ያስገቡት። ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። መጀመሪያ ፍጥነቱ ሲያንስ ብረቱ እንደ ሞተ ቅጠል ተንጋሎ ይከተላል። ትንሽ ነዳጅ ሲጨምሩ ጭራውን ማወዛወዝ ይጀምራል፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ሌላ ትንሽ ሲጨምሩ ውዝዋዜው ይሰፋል፣ በየጫፉ ሊገለበጥ ይቃረብና ይመለሳል፤ ሆቺዋም ከኋላ ወዲያና ወዲህ ትወረወራለች። አሁንም ቢጨምሩ ይገለበጣል፣ መዞር ይጀምራል። እንግዲህ ሊገለበጥ ሲቃረብ ተመልሶ የሚወዛወዝበት፣ ከመዞሩ በጥቂት የሚያንሰው ፍጥነት ነው የእርስዎ ፍጥነት። እስኪዞር ይጨምሩና መልሰው ይቀንሱ፤ ልኩ የሚገኘው እንዲህ ነው።

በቁጥር ሲነገር ለሶካይ በሰዓት 1 ማይል ግድም፣ ቢበዛ 1.4 ነው። ከሰው እርምጃ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ጀማሪ ሰው “ቆመናል እኮ” ይላል። ኮካኒ ከ1 እስከ 1.8 ይወስዳል። ኮሆ ፈጣን ነገር ይወዳል፣ 2 እና ከዚያ በላይ፤ ለእሱ ብዙ ሰው ፍላሸር የሚመርጠው ለዚህ ነው።

ሆኖም ስልክዎ ላይ የሚያዩት ፍጥነት ጀልባው በመሬት ላይ የሄደበት እንጂ ዶጀሩ በውኃ ውስጥ የሄደበት አይደለም። ነፋስ ከኋላ ሲገፋ፣ ፑጀት ሳውንድ ላይ ደግሞ የባሕሩ ውኃ ሲሞላና ሲጎድል፣ ሁለቱ ይለያያሉ። እውነቱን የሚነግርዎ የዘንጉ ጫፍ ነው። ዶጀሩ በልኩ ሲወዛወዝ የዘንጉ ጫፍ በተረጋጋ ምት ነቅነቅ፣ ነቅነቅ ይላል። ምቱ ከጠፋ ወይ ፍጥነቱ ቀንሷል ወይ ብረቱ ቅጠል ይዟል። ተለጥጦ ሳይመታ ከጎበጠ እየዞረ ነው። ምቱን ዘንግዎ ላይ ለይተው ካወቁት በኋላ ስልኩን ኪስዎ ውስጥ ቢከቱትም አይጎዱም።

ማውረድ

ዳውንሪገር የሚባለው በሽቦ ከባድ የእርሳስ ኳስ የሚያወርድ መሣሪያ ካለ ዶጀሩን መጀመሪያ ከጀልባው ኋላ ከ10 እስከ 20 ጫማ ይልቀቁት፣ መወዛወዙን ይዩ፣ ከዚያ ክሩን ከኳሱ በላይ ባለው መቆንጠጫ ያስይዙና ቀስ ብለው ያውርዱ። ቶሎ ካወረዱት መንጠቆው ወደ ኋላ ይታጠፍና ዶጀሩን ወይም ዋናውን ክር ይይዘዋል፤ ያንን ሳያውቁ አንድ ሰዓት ሙሉ ሊጎትቱ ይችላሉ። ውኃው በጣም የጠራና ዓሣው ትራውት ከሆነ ርቀቱን ከፍ ያድርጉ፤ ትራውት የጀልባ ድምፅ ይፈራል።

ዳውንሪገር ከሌለ ተስፋ አይቁረጡ። ከዶጀሩ ፊት አምስት ጫማ ያህል ርቀት ላይ ከ2 እስከ 6 አውንስ የሚመዝን እርሳስ ያስሩ። የተፈታውን ክር የሚቆጥር ሪል ቢኖር ዓሣ የነካበትን ርዝመት መልሶ ለማግኘት ይጠቅማል፤ ከሌለ በክንድ ይቁጠሩ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ለቤከር ሶካይ ይህ ይበቃል፤ ሊነጋጋ ሲል ዓሣው ከ15 እስከ 25 ጫማ ላይ ነው። ፀሐይ ከፍ ባለ ቁጥር ይወርዳል፣ ረፋዱ ላይ ከ40 ጫማ በታች መፈለግ ይኖርብዎታል፤ ዳውንሪገር የሚያሻው ያኔ ነው። ጀልባው ዓሣ የሚያሳይ ስክሪን ካለውና እዚያ ላይ ዓሣ ካዩ ብረቱን ከዓሣው በትንሹ ከፍ አድርገው ያሳልፉ። ሳልሞን ወደ ላይ ያያል እንጂ ወደ ታች አይፈልግም።

ቀጥ ብለው ብቻ አይንዱ። እንደ እባብ እየተጠማዘዙ ይሂዱ። ጀልባው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የቀኙ ዶጀር ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ዝቅም ይላል፤ የግራው ይፈጥናል፣ ከፍም ይላል። የትኛው ዘንግ እንደተመታ ያስተውሉ። ሁልጊዜ ከውስጥ በኩል ያለው የሚመታ ከሆነ ዓሣው ቀርፈፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ ነገር ፈልጓል፤ ከውጭ ያለው ከሆነ ፈጠን ይበሉ። ይህ ዘዴ ሳይጠይቁ መልስ የሚሰጥ ነው፤ አብዛኛውን ያወቅሁትም በዚህ ነው።

ዓሣ ሲይዝ

ዘንጉን በኃይል አይሳቡ። ጀልባው እየሄደ ስለሆነ መንጠቆው ብዙውን ጊዜ ራሱ ይገባል። ኮካኒ በተለይ አፉ እንደ ወረቀት ነው፤ ሲስቡት ይቀደዳል። ዘንጉን አንሥተው ክሩ ሳይረግብ ያለማቋረጥ ይጠቅልሉ። ጀልባውንም አያቁሙ፤ ጀልባው ሲቆም ክሩ ይረግባል፣ ዶጀሩም እንደ ድንጋይ ይሰምጣል።

አደጋው ያለው ዶጀሩ ከውኃው በላይ ሲወጣ ነው። ጀማሪ ደስ ይለውና ዘንጉን ወደ ሰማይ ያነሣል፤ ብረቱ በአየር ላይ ይወናጨፋል፣ ዓሣው በዚያው ይሄዳል። ዶጀሩን ከውኃው ገጽ ጋር ያስተካክሉት፤ መረብ የያዘው ሰው ወደ ፊት ይምጣ፣ መረቡን ከዓሣው ራስ በኩል ከሥር ያግባ። ከጅራት በኩል አይሞከርም፤ ጅራቱን መረብ የነካው ዓሣ ወደ ፊት ይወነጨፋል። ሊደሩ አጭር መሆኑ እዚህም ይጠቅማል፤ ዶጀሩ ዘንጉ ጫፍ ሲደርስ ዓሣው መረብ በሚደርስበት ቦታ ነው።

ፑጀት ሳውንድ ላይ ከሆኑ ዓሣውን ገና ውኃ ውስጥ ሳለ ይመርምሩት። በጀርባው ከጅራቱ አጠገብ ያለችው ትንሿ ክንፍ ተቆርጣ ከሆነ በሰው የተፈለፈለ ነው፤ ሙሉ ከሆነች የዱር ነው፣ በብዙ ቦታ ይለቀቃል። መለቀቅ ያለበትን ቺኑክ የተባለ የዱር ሳልሞን ወደ ጀልባ ማስገባት ራሱ ያስቀጣል። እዚያ ለሳልሞን የሚፈቀደው መንጠቆም እሾህ የሌለው ነው፤ በፒንሳ ጨፍልቀው ያለስልሱት።

የሚያስቀሩትን ዓሣ ወዲያው ጉሮሮው አጠገብ ያለውን ቀይ ስንጥብ ቆርጠው ያድሙት፣ ከዚያ በረዶ ውስጥ ይቅበሩት። ደሙ ያልወጣ ሶካይና ደሙ የወጣ ሶካይ ሁለት ዓይነት ሥጋ ናቸው።

ስለ ሥጋው አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። እኛ ጥሬ ሥጋ እንወዳለን፤ የሶካይ ቀለም ደግሞ ክትፎ ክትፎ ይላል። ከሐይቅና ከወንዝ የወጣን ሳልሞን ጥሬውን አይብሉ። ኮሶ መሰል ጥገኛ ትል ይይዛል። ትሉ እንዲሞት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት የሚያዘው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 7 ቀን ሙሉ ማቆየት ነው፤ ብዙው የቤት ፍሪዘር ያን ያህል አይቀዘቅዝም። በጥብስ ቅጠልና በቃሪያ በደንብ ጠብሰው ይብሉት። ውሻ ካለዎትም ጥሬ ሳልሞን አይስጡት፤ በዚህ አካባቢ ውሻ የሚገድል በሽታ አለው።

አገር ቤትስ?

ዘመዶቼ ስደውል ይጠይቁኛል። ዶጀር ለወንጪትና ለጀማ ወንዞች አይሆንም፤ ጀልባ የሚሄድበት ጥልቅና ሰፊ ውኃ ይፈልጋል። ባሌ ውስጥ ዌብና ዳንካ ወንዞች ላይ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት አለ፤ ወንዞቹ ግን በእግር እየተሄደ በዘንግ የሚጠመድባቸው ናቸው። የሚያስመኘኝ ጣና ነው። ከጣና ነጭ ዓሦች መካከል ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ዝርያዎች አሉ። 00 ቁጥር ዶጀርና ትንሽ ማንኪያ ይዤ ባሕር ዳር ብወርድ ብዬ አስባለሁ። ወንጪትን በሚመለከት የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ዓሣ ለመያዝ ተብሎ ኩሬው ውስጥ የብርብራ ፍሬ አይጨመር። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ፣ ዕንቁላል የያዘችውን ካልያዘችው አይለይም፤ ሁሉንም ያሰክራል። ያ ኩሬ ብልጭ የሚል ዓሣ ኖሮት ልጆቼ ቢያዩት ደስ ይለኛል።

የመጨረሻው ነገር ዶጀሩ ውኃ ከመግባቱ በፊት መደረግ ያለበት ነው። እኛ ደገኞች ዋና አናውቅም። መንዝ ላይ ውኃ በእንስራ የሚቀዳ እንጂ የሚዋኝበት አልነበረም፤ እኔም እስከ ዛሬ አልዋኝም። ቤከር ሐይቅ ከበረዶ ተራራ የሚወርድ ውኃ ነው፤ ጁላይ ላይ እንኳ የወደቀ ሰው ትንፋሹ ወዲያው ይቆራረጣል፣ እጁ በደቂቃዎች ይደነዝዛል። ከ19 ጫማ ያነሰ ጀልባ ላይ 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ላይፍ ጃኬት እንዲለብስ ሕጉ ያስገድዳል፤ ለአዋቂው ጀልባው ውስጥ መኖሩን ብቻ ይጠይቃል። ሕጉን ይተዉት። ወንበር ሥር የተቀመጠ ጃኬት ለወደቀ ሰው አይደርስም። ይልበሱት፣ ዚፑን ይዝጉት፣ አብሮዎት ያለውም መልበሱን ይዩ፤ ከዚያ ዶጀሩን ያውርዱ።